ተራ

ሁለት ሰዓት ተኩል። ከቄራው የሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣
የሽቦ ጓንቴን አውልቄ፣ ሦስቴ ታጥቤ፣ ቤቴ ገብቼ፣
ጫማዬን ሳልፈታ ስልኩን አነሳለሁ፤
«ዛሬ እንኳ ፊተኛው እኔ ነኝ» እላለሁ።
አሥራ ሰባተኛ ነኝ።
«ጥሪዎ ለእኛ ትልቅ ቦታ አለው» ትላለች የተቀዳችው ሴት፤
ከዚያ ያ ፒያኖ፣ እንደ ላላ ቧንቧ፣ ጠብ ጠብ ያለ ዕረፍት።

ሰልፍ ብርቄ አይደለም። የዘይት ሰልፍ ነው ያሳደገኝ፤
እናቴ ገና ሳይነጋ ድንጋይ አስይዛ ነበር የምትልከኝ።
ከሰው ድንጋይ ኋላ አኑሬያት እሮጥ ነበር ትምህርት ቤት፤
ስመለስ እዚያው ናት፣ ማንም ሳይገፋት፤
ድንጋይዋ እኔ ነበረች በሰፈሩ ፊት።
እዚህ ብሩክስ ላይ ሰልፉ አይታይም፤
የፊተኛው ጀርባ የለውም፣ የኋለኛው አያስልም።
ድንጋዬን የት ላኑር?

ስለ ቅጹ ላውራ። ሠላሳ ሁለት ገጽ ነው፤
በሠላሳ ሁለቱም፦ ልጁ የማይችለው ምንድን ነው?
ትርሲት መጀመሪያ እጇ እንቢ አላት፤
የሚችለውን ጻፈች፣ ክፍት ቦታ ባገኘችበት፦
ባቡር ሲመጣ እኛ ሳንሰማ ከመስኮቱ እንደሚደርስ፣
ሲከፋት አውቆ ጉንጩ ጉልበቷን እንደሚዳብስ።
በሰባተኛው ወር መልስ መጣ፦
«ልጅዎ ብዙ ይችላል።» ፋይሉ ተዘጋ።

ሁለተኛውን እኔ ጻፍኩት፣ አንድ ሌሊት ከሥራ ቀርቼ።
አይናገርም ብዬ። አይጫወትም ብዬ። ይነክሳል ብዬ።
በበረዶ በባዶ እግሩ ሁለቴ ከቤት ወጥቷል ብዬ።
ሁሉም እውነት ነው። ግን የገዛ ልጃችንን እንደ ባላጋራ ከሰስነው፤
እሱ ከእግራችን ሥር ድንጋይ ሲደረድር፣ እኛ ተራ በተራ ፈረምነው።

ካልጋሪ ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው፣ በረዶው ካልዘጋው።
ሐኪሟ አርባ ደቂቃ አየችው፤ እሱ ከጠረጴዛው ሥር ጫማዋን አየ።
«ድጋፍ ያስፈልገዋል» አለች፣ እኛ እንዳልነገርናት።
«ተራ ይጠብቃል፤ አሥራ አራት ወር፣ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል።»
ጋሽ ውብሸት ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ትከሻዬን ይዘው፣
«አይዞህ፣ እኔም አፌን የፈታሁት በአምስት ዓመቴ ነው።»
ያፌት አምስትን አልፏል። ደግ ሰው ናቸው። ምን እላቸዋለሁ?

ልጄ ተራ ልጅ ቢሆን ተራ ባልጠበቀ፤
ተራ ስላልሆነ ተራ ላይ ወደቀ።
ይህን ለዚያች ለተቀዳችው ሴት ማን ይፍታላት?

ዘጠነኛ ነኝ።
ከኋላዬ ያው ፒያኖ ተሰማኝ። ከስልኩ አይደለም።
ያፌት ነው። ቃል የማይወጣው ልጄ
አፉን ገጥሞ፣ አንዲት ድምፅ ሳያጎድል፣
የመጠበቂያውን ዜማ ያንጎራጉራል፤
መቆራረጡን ሳይቀር፣ በመሐል የምትገባውን «እባክዎ» ሳይቀር፣ በቅላጼዋ።
ስንት ማለዳ ቢሰማው ነው?
ሳቅኩ። ሳቄ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነ።

ከመስኮቱ ግርጌ ድንጋዮቹ ተሰልፈዋል፣
ከመኪና ማቆሚያው የለቀማቸው፣ ከደቃቅ ወደ ትልቅ።
ማንም እንዲነካበት አይወድም፤ እናቱም ብትሆን።
ተንበረከክሁ። ከጫማዬ ሶል የተሰነቀረች ጠጠር ነቀልኩና
ከሰልፉ ኋላ አኖርኳት፣ ትንፋሼን ይዤ።
አያት። አነሳት። አሸተታት፤ ቄራ ቄራ ትላለች።
ሊወረውራት ነው ብዬ ዓይኔን ስጨፍን
በአራተኛዋና በአምስተኛዋ መካከል በሁለት ጣቱ ገለጥ አድርጎ
ቦታ ሰጣት።

«ሄሎ? ሄሎ? የልጁ ስም ማን ነበር?»
ነበር ትለኛለች።
ከወለሉ ሳልነሳ ፊደል በፊደል እቆጥርላታለሁ፤
ያፌት ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ቀና ብሏል።
ባቡሩ ለኔ ገና አይሰማኝም።